ግጥሙ ሲገባ ገጣሚው ደጅ ስለሚቀርበት ሥነ ቃል፤ የላሊበሎች ክዋኔና የእኛ ጥናት

በአማርኛ ሥነ ቃል ላይ የተጻፉ ሥራዎችን የሚያገላብጥ ተማሪ «የላሊበላ ግጥም» የሚል ንዑስ ርእስ ማግኘቱ አይቀርም። ከርእሱ ሥር የሚያነበውም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ላሊበሎች፣ በአንዳንድ አካባቢ አሚና ወይም ሐሚና የሚባሉት፣ ሌሊት ተነሥተው ከቤት ቤት እየዞሩ በዜማ የሚለምኑ ሰዎች እንደሆኑ፣ ይህን ካላደረጉ ቁምጥና ይወጣባቸዋል ተብሎ እንደሚታመን፣ ግጥማቸውም ውዳሴና ምርቃት የበዛበት እንደሆነ ይነገረዋል። ምሳሌ የሚሆኑ ጥቂት ስንኞች ይከተላሉ። በመጨረሻም ይህ ቅርስ ከመጥፋቱ በፊት ይሰብሰብ የሚል ማሳሰቢያ ይመጣል። እኔም በተማሪነቴ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጽፌያለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የዚህ መጣጥፍ ዓላማ ይህንኑ የለመድነውን አቀራረብ መመርመር ነው። የማቀርበው ክርክር አጭር ነው። ስለ ላሊበሎች ግጥም ጻፍን ስንል በአብዛኛው የጻፍነው እኛ ስለ ላሊበሎች ስለምናወራው ተረት ነው። ተረቱን እንደ ማብራሪያ በመውሰዳችንም ግጥሙ የቆመበትን ዋና ምሰሶ፣ ማለትም ሰውን በስሙ መጥራትን፣ ሳናየው አልፈናል።

ነገሩን ከማውቀው ቦታ ልጀምር። ጫንጮ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሱሉልታ ሜዳ ከተማ ናት። ከመርሐ ቤቴ ተነሥቶ በለሚ በኩል ሙከ ጡሪ ላይ ከዋናው መንገድ የሚገናኝ መንገደኛ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ጫንጮን ሳይረግጥ አያልፍም። ላሊበሎችም ያልፉባታል። አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ውርጩ ሜዳውን ነጭ በሚያደርግበት ወራት፣ ወፍ ሳይንጫጫ የሚሰማው ድምፅ የእነርሱ ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ኦሮሞ በሆነባት በዚያች ከተማ የሚዘፍኑት በአማርኛ ነው፤ ቢሆንም ግጥሙ ያልገባው ሰው እንኳ የራሱንና የልጆቹን ስም ይሰማ ስለነበር ማን እንደተጠራ አይስተውም። እናቴ ድምፁ ከግቢያችን ደጃፍ ሲደርስ ከመኝታዋ ተነሥታ እህል በሰፌድ ወይም ጥቂት ሳንቲም ታዘጋጃለች። የምትሰጠው ግን በአጥሩ ላይ አሳልፋ ነው። ሰፌዱም ለዚሁ የተለየ አሮጌ ሰፌድ ነበር። በሩ ተከፍቶ «ኑ ግቡ» ሲባል አንድም ቀን አላስታውስም፤ እናቴም ደግ ሴት ነበረች።

ይህን ያነሣሁት ናፍቆቴን ለመግለጽ አይደለም። የክዋኔው መቼት ይኸው ስለሆነ ነው። የላሊበላ ግጥም የሚከወነው በአጥርና በበር ላይ ነው። ከዋኙ ከውጭ ነው፤ ተደራሲው ከውስጥ፣ ያውም ገና ከአልጋው ያልወረደ ነው። ጨለማው ሁለቱንም ይሸፍናል። ከዋኙ በዚህ ላይ ጋቢውን ወይም ነጠላውን እስከ ዓይኑ ይከናነባል። መሣሪያ አይዝም። ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው፤ በሰማኋቸው ክዋኔዎች ወንዱ ስንኙን ቶሎ ቶሎ ይደረድራል፣ ሴቲቱ ደግሞ ቃል በሌለው ረጅም ዜማ ድምፅዋን እየሳበች ከሥር ትይዘዋለች። ኬይ ካውፍማን ሸለሜይ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ላሊበሎች ሙዚቃ ባሳተሙት ጥናት፣ ጃፓናዊው ኢትሱሺ ካዋሴም እ.ኤ.አ. በ2005 ጎንደር ውስጥ በሠሩት ፊልም ስለ ሕይወታቸውና ስለ ዜማቸው ብዙ አሳይተውናል። የእኛ ክፍል ድርሻ መሆን የነበረበት፣ ማለትም የግጥሙ አሠራር፣ ግን ገና አልተነካም ማለት ይቻላል።

አሠራሩ የሚጀምረው ከግጥሙ በፊት ነው። ላሊበላው ወደ ቤቱ ከመድረሱ አስቀድሞ የአባወራውን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ ቢቻል የሥራውን ዓይነትና የቤተ ሰቡን ሁኔታ ከጎረቤት፣ ከዘበኛ፣ ማልዶ ከሚወጣ መንገደኛ ጠይቆ ይይዛል። አዝማሪም የተጋባዡን ስም ይጠይቃል፤ ይሁንና ልዩነቱ ትልቅ ነው። አዝማሪ ከዳሱ ውስጥ፣ በሻማ ወይም በመብራት፣ የሚያወድሰውን ሰው ፊት እያየ ነው የሚዘፍን። ሰውዬው ፈገግ ካለ ይጨምራል፤ ፊቱ ከጠቆረ ነገሩን ያለዝባል። ላሊበላው የሚያየው ፊት የለም። የሚያየው የተዘጋ በር ነው። ስለዚህም ከሚታይ ነገር ተነሥቶ ማወደስ አይችልም፤ ያለው ብቸኛ ሀብት ስሙ ነው። ስሙን ይጠራል፣ ይደጋግመዋል፣ ቤት እንዲመታ አድርጎ በስንኙ መድረሻ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከልጆቹ ስም ጋር ያያይዘዋል። በአልጋው ላይ ያለው ሰው በጨለማ ከማያውቀው አንደበት የገዛ ስሙን ይሰማል። ከዚያ በኋላ እንዳልሰማ መሆን አይቻልም፤ ግጥሙ ውስጥ ገብቷልና።

ቀጥሎ የሚመጣውን እኛ «ውዳሴና ምርቃት» ብለን በሁለት ቃል አልፈነዋል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው ሽግግር ነው ከሁሉ የሚመረመረው። በሩ እስኪከፈት ድረስ ያለው ግጥም በስም ላይ የተመሠረተ፣ ጉትጎታ ያለበት፣ ጊዜው የኀላፊና የአሁን ነው፤ ሰውዬው ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ፣ እነማንን እንደወለደ ይነገራል። ምጽዋቱ ከተሰጠ በኋላ ግሡ ይለወጣል፤ ሁሉም ይሁን፣ ይብዛ፣ ይደግ ይሆናል። ከብቱ፣ ልጁ፣ እህሉ በትንቢት መልክ ይቀርባሉ። ምጽዋቱ ከቀረም ግጥሙ ዝም አይልም፤ ወደ ስሙ ይመለሳል፤ አሁን ግን በሽሙጥ። በዚህ ጊዜ ሁለተኛው ተደራሲ ሥራውን ይጀምራል። ሁለተኛው ተደራሲ ጎረቤቱ ነው። ሠፈሩ ሁሉ ነቅቶ እገሌ በሩን እንዳልከፈተ ይሰማል። ልመና የምንለው ይህ ክዋኔ በእውነቱ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ባለቤቱን ባለዕዳ አድርጎ የሚያቆም ጥበብ ነው። ጎህ ሲቀድ ያበቃል። የፀሐይ መውጣት ክልክል ነው የሚለው እምነት ምንጩ ምንም ይሁን፣ አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ በቀን ብርሃን ገበያ የሚወጣ፣ በሬ የሚገዛ፣ ወፍጮ ቤት የሚሰለፍ ሰው ሌሊት ማን እንደነበረ ባይታወቅ ይሻለዋል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ የስም መጥራት መካከል አንድ ስም አይጠራም። የከዋኙ ስም። ላሊበላው የእናቴን ስም፣ የአባቴን ስም፣ የአምስታችንን ልጆች ስም ያውቅ ነበር። በየዓመቱ ይመጡ የነበሩትን ባልና ሚስት ድምፅ ሁላችንም እንለየዋለን፤ እናቴም «ያ ያምናው መጣ» ትል ነበር። ስሙን ግን የጠየቀ አልነበረም። የሥነ ቃል ስብስቦቻችንም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የአዝማሪ ግጥም ሲጠቀስ የአዝማሪው ስም ይጠቀሳል፤ የቅኔ ባለቤት ይታወቃል፤ ከላሊበላ ግጥም ሥር ግን የምናገኘው «ላሊበላ» የሚል ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ስንጠይቅ ወደ በሽታው ተረት እንመለሳለን። ተረቱ በብዙ መልክ ይነገራል፤ የንጉሥ ላሊበላን ስም የሚያነሣ አለ፣ የጥንት እርግማን የሚል አለ፤ ሁሉም የሚገናኙት ግን ዘሩ ካልዞረና ካልዘፈነ ቁምጥና ይወጣበታል በሚለው ላይ ነው። የሥጋ ደዌ መንስኤ ተሕዋስ መሆኑን ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። በዘር የሚተላለፍ አይደለም፤ አብዛኛው ሰውም በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በርካታ መድኃኒቶችን አጣምሮ የመስጠቱን ሕክምና ካጸደቀበት ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈጽሞ የሚድን በሽታ ሆኗል። በአገራችንም አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ተቋቁሞ ስንቱን እንዳዳነ ይታወቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ተረቱ አልተነቃነቀም። ያልተነቃነቀውም ተረቱ ስለ በሽታ ስላልሆነ ነው። ተረቱ ስለ ጋብቻ ነው። ከእነርሱ ማን ሊያገባ እንደማይገባው የሚናገር ሕግ ነው፤ በሽታው የሕጉ ማስፈራሪያ ነው።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ተረቱ ዘፈኑን የሕመም ምልክት ያደርገዋል። ሰውዬው የሚዘፍነው ስለሚችልበት፣ ስለተማረው፣ ስለሚያተርፍበት ሳይሆን እንዳይታመም ብሎ ከሆነ ከያኒ አይደለም ማለት ነው። ከላሊበሎች መካከል መሬት ያላቸው፣ ገበሬ ሆነው በበጋ ብቻ የሚዞሩ ብዙ ናቸው። ልጆቻቸው ዜማውን ከሕፃንነታቸው ጀምረው ይለማመዱታል፤ ስም ማጠያየቁን፣ በር መምረጡን፣ ከሽሙጥ ወደ ምርቃት መዞሩን ከወላጆቻቸው ይቀስማሉ። ይህ ትምህርት ነው። እኛ ግን ይህን ትተን «በሽታ እንዳይወጣባቸው ይዘፍናሉ» የሚለውን እንደ ጥናት ውጤት እንደግማለን።

ልመናው ነው እንዳይባል የቆሎ ተማሪ አለልን። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየተጋፋ በማርያም ስም ደጅ ለደጅ የሚለምን እርሱም ነው። የሚጠቀምበት ቃልም የተወሰነ፣ ዜማም ያለው ነው። ነገር ግን የቆሎ ተማሪው ልመና በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ የትሕትናና የትጋት መለያ ሆኖ ይኖራል። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ በዛብህ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ውጤት ነው፤ ከሰብለ ወንጌል የሚለየው የዘር አጥር ምን ያህል ከባድ ቢሆንም አንባቢው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከበዛብህ ጋር ነው የሚቆም። እንግዲህ ደጅ መቆም ብቻውን ሰውን አያዋርድም። የሚያዋርደው ደጅ የቆመው ሰው ነገ ገብቶ ከማዕድ ሊቀመጥ፣ ልጅ ሊያገባ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ነገር በደንብ ይዞታል። ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ» የተባለበት ቃል «ጠቢብ» ከሚለው የመጣ ነው፤ «ባለ እጅ» ማለትም እጅ ያለው፣ የሚችል ማለት ነው። ሁለቱም የምስጋና ቃላት ነበሩ። ዛሬ አንዱን ሰው በሁለቱ በማናቸውም ቢጠሩት «ቡዳ» ተባልሁ ብሎ ይጣላል። ቀጨኔ ላይ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች ጀበናና ምጣዳቸው በየቤቱ ሲገባ እነርሱ የኖሩት በዚሁ ስም ሥር ነው። ኦሮምኛም ከዚህ የጸዳ አይደለም፤ ቱምቱ ለብረት ሠሪው፣ ፋቂ ለቆዳ ሠሪው ሲባል ከሙያው አልፎ የሚሰማ ነገር አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ፤ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ገበሬውን፣ ነጋዴውን እያነሡ ሁሉም የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን አስታወሱ። ታላቅ አዋጅ ነው። አዋጁ ግን የከለከለው ስድብን ነው፤ ለልጅ ጋብቻ አጥንት መቁጠርን ሊከለክል አልቻለም። ሌሊት መዝፈንንም ሥራ ነው ብሎ የተከራከረለት ሰው አልነበረም።

የታተመው ሥነ ጽሑፋችን አጥንት ቆጠራን አልደፈረም ማለት አይደለም። መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» ይህንኑ ነው ያሳቁብን። ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣው ባሕሩ የቤት ሠራተኛውን በለጤን ሊያገባ ሲነሣ አክስቱ ወይዘሮ አልጋነሽ የሚያነሡት ክርክር ሁሉ የዘር ክርክር ነው፤ ተመልካቹም በወይዘሮዋ እየሳቀ ከባሕሩ ይወግናል። ተውኔቱን በማስተምርበት ጊዜ ሁሉ ለተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። በለጤ የድኻ ልጅ ብቻ ሳትሆን የላሊበላ ልጅ ብትሆን ኮሜዲው ይቆማል ወይ? ክፍሉ ዝም ይላል። አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ «ያኔ ወይዘሮ አልጋነሽ ትክክል ይሆናሉ» ብላ ክፍሉን አስቃለች፤ ሳቁ ግን የኮሜዲ ሳቅ አልነበረም። ድኽነት በትምህርትና በፍቅር ይታለፋል ብሎ ማመን ተመልካቹ ይችላል፤ «በደም አለ» የተባለውን ነገር ግን መድረኩም አልሞከረውም። እኔ ባነበብኋቸው ልብ ወለዶች ላሊበላ ከመጣ የሚመጣው እንደ ዶሮ ጩኸት ነው፤ ሌሊቱ እየነጋ መሆኑን ያመለክትና ያልፋል። ገጸ ባሕርይ ሆኖ አያውቅም።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት አንባቢ ለጥቂት ገጾች ወደ አውሮፓ እንዲከተለኝ እጠይቃለሁ። በዚያም ከቦታ ቦታ በመዞር፣ በዘፈን፣ በብረት ሥራ የሚታወቅ፣ የራሱ ቋንቋ ያለው፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋባ የተደረገ ሕዝብ አለ። ራሳቸውን የሚጠሩት ሮማ ብለው ነው። (ከጣሊያኑ ከተማ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።) ከሰሜን ሕንድ ተነሥተው በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የደረሱ ናቸው። አውሮፓውያን ግን ከግብጽ የመጡ መስሏቸው «ጂፕሲ» አሏቸው፤ ስሙ የተሳሳተ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ለዘመናት አብሯቸው ኖሯል። ሮማ የሚለው ስም በይፋ የጸደቀው ተወካዮቻቸው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን አቅራቢያ ባደረጉት ጉባኤ ነው። ሌላው ባወጣለት ስም ሲጠራ የኖረ ሕዝብ የራሱን ስም ለማስጠራት ጉባኤ አስፈለገው ማለት ነው።

ወደ ሥነ ጽሑፉ ስንመጣ ደግሞ ከእኛ ወገን ነው እያልን ከምንኮራበት ከፑሽኪን መጀመር ይቻላል። ፑሽኪን «ጂፕሲዎች» የተባለውን ረጅም ግጥም የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1824 ሲሆን የታተመው በ1827 ነው። ከከተማ ሕግ የሸሸው አሌኮ ከጂፕሲዎች ጋር ይቀላቀላል፤ በመጨረሻ በቅናት ሰው ይገድላል፤ እነርሱም አይበቀሉትም፣ ከመካከላቸው ብቻ ያስወጡታል። ጂፕሲው የነጻነት ተምሳሌት ነው። ፑሽኪን በመዝጊያው በእነርሱም ዘንድ ደስታ አለመኖሩን አልሸሸገም፤ ይህ ከብዙዎቹ ይለየዋል። የሆነ ሆኖ ግጥሙ የተቀመጠው በቤሳራቢያ ነው፤ ገጣሚው ከ1820 እስከ 1823 በግዞት ኖሮበታል። በዚያን ጊዜ በቤሳራቢያ የነበሩት ጂፕሲዎች አያሌዎቹ ባሮች ነበሩ። በዚያ አገር ባርነታቸው የቀረው በ1861 ነው፤ በሞልዳቪያና በዋላኪያም በ1855ና በ1856 ነው። አንባቢው ነጻነትን ከእነርሱ ሲማር እነርሱ በገበያ ይሸጡ ነበር።

ከፑሽኪን በፊትም ሆነ በኋላ አንድ የሚደጋገም ትልም አለ። ሰርቫንቴስ በ1613 ባሳተመው ታሪክ ውስጥ ያለችው ውብ ጂፕሲ ፕሬሲዮሳ በመጨረሻ የመኳንንት ልጅ ሆና ትገኛለች፤ በሕፃንነቷ ተሰርቃ ነው። የሁጎ ኤስሜራልዳም (1831) እንዲሁ ከፈረንሳዊት እናት ተሰርቃ የተወሰደች ናት። ጂፕሲዋ እንድትወደድ ጂፕሲ አለመሆኗ መረጋገጥ ነበረበት። ጂፕሲዎቹ ደግሞ በዚያው ትልም ሕፃን ሌባ ሆነው ይቀራሉ። በእኛ አጥንት ቆጠራ ላደገ አንባቢ ይህ ትልም እንግዳ አይሆንበትም።

የሆነው ሁሉ በልብ ወለድ አልቀረም። ናዚዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈጇቸው ሮማዎች ቁጥር ከ220,000 እስከ 500,000 ይገመታል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1944 ሌሊት ብቻ በአውሽቪትስ ቢርከናው ካምፕ ከአራት ሺህ በላይ የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን፣ በጋዝ ተገድለዋል። በቅርቡም፣ በ2007፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት የቼክ ሪፐብሊክ የሮማ ልጆችን የአእምሮ ዕድገታቸው ዝግ ላለ ተማሪዎች በተዘጋጀ ልዩ ትምህርት ቤት በማስገባቷ አድልዎ ፈጽማለች ሲል ፈርዷል፤ ከሳሾቹ ከኦስትራቫ ከተማ የመጡ 18 ልጆች ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ጥናት ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአንዲት ገጣሚ ታሪክ ነው። ብሮኒስላቫ ቫይስ ትባላለች፤ በወገኖቿ ዘንድ ግን ፓፑሻ በመባል ትታወቃለች። የፖላንድ ሮማ ናት። በልጅነቷ ለሚያስተምራት ሰው ዶሮ እየሰጠች ማንበብ ተማረች። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1949፣ ገጣሚው የዢ ፊትሶቭስኪ አገኛት፤ ዘፈኖቿን በጽሑፍ እንድታሰፍር አበረታታት፣ ወደ ፖላንድኛ ተርጉሞ አሳተመላት። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ አድናቂዋ ነበር። ነገር ግን የራሱ ጽሑፍና የእርሷ ግጥም የፖላንድ መንግሥት ዘላን ሮማዎችን በግድ ለማስፈር በያዘው ዘመቻ ላይ ዋሉ። ወገኖቿም ምሥጢራችንን ለጠላት ሸጠሽ አሏት፤ ርኩስ ናት ብለው ከመካከላቸው አስወጧት። ለወራት በአእምሮ ሕክምና ቤት ቆየች፤ ከዚያ በኋላ የጻፈችው ጥቂት ነው። በ1987 ሞተች። ስሟ በመጽሐፍ ላይ ታትሟል፤ የከፈለችበትም ስለታተመ ነው።

የፓፑሻ ታሪክ እስካሁን ያቀረብሁትን ክርክር ያወሳስበዋል፤ ላልፈው አልወድም። ጥፋታችን የከዋኙን ስም አለመጻፋችን ነው ካልሁ፣ እንጻፈው ማለቴ ነውን? ሌሊትና ነጠላ የሸፈኑትን ሰው እኔ በመረጃ አቀባይነት ዝርዝር ውስጥ ከነቀበሌው ልገልጠው ነው? ላሊበሎች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት የምሥጢር ቋንቋም አላቸው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያ ነጋዴዎችን፣ አዝማሪዎችንና የዛር ባለቤቶችን የምሥጢር ቋንቋዎች አጥንተዋል፤ ለሥነ ልሳን ትልቅ አስተዋጽኦ ነው። ነገር ግን ባለ በሩ ሰምቶ እንዳይረዳ የተፈጠረ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲገባ ለተፈጠረበት ሥራ መዋሉ ያበቃል። እንደዚህ ላለው ጥያቄ የጥናት ዘዴ መማሪያዎቻችን መልስ የላቸውም፤ እንዴት እንደሚሰበሰብ እንጂ መቼ እንደማይሰበሰብ አያስተምሩምና።

ወደ ራሴ ጽሑፍ ልመለስ። በ1984 ዓ.ም. ለአንድ ኮርስ ማሟያ የላሊበላ ግጥም እንድሰበስብ በታዘዝሁ ጊዜ ጫንጮ ሄድሁ። ቴፕ ሪኮርደሩን በመስኮቱ ሥር አስቀምጬ መጋረጃውን አወረድሁበት። ሁለት ሌሊት ቀዳሁ። አላስፈቀድሁም፤ ማስፈቀድ እንዳለብኝም አልመጣልኝም። በገዛ ቤቴ መስኮት ነበርሁና። ያምናውም ሰውዬ፣ እናቴ በድምፁ የምታውቀው፣ በካሴቱ ላይ አለ። ጽሑፌ ጥሩ ውጤት አገኘ። መረጃ አቀባይ በሚለው ሥር የጻፍሁት «ላሊበላ፣ ወንድና ሴት፣ ዕድሜያቸው ያልታወቀ» የሚል ነው። ሁለቱ መካከል በየጥቂት ስንኙ የምትገባ አንዲት አጭር ቃል ነበረች፤ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሊፈታልኝ ስላልቻለ «ለዜማ ማሟያ የገባ ትርጉም የለሽ ድምፅ» ብዬ በግርጌ አስገባኋት።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚያው በጫንጮ አንድ ጎልማሳ መምህር ተዋወቅሁ። ቤተ ሰቡ ላሊበላ መሆናቸውን የነገረኝ ስንተዋወቅ ከርመን፣ ሌላ ሰው በሌለበት ነው። ለሚስቱ ዘመዶች እንዳልተነገረ ጨመረልኝ። ካሴቱን ሰማው። ብዙ ቆየ። ድምፁን እንደሚያውቀው አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም። ግጥሙን ላሳትመው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ግጥሙን ያሳትሙት ጋሼ፤ የባለ ቤቶቹን ስም ግን ይለውጡት፤ የከለከለውም የሰጠውም ሰው ልጆች እዚሁ አሉ» አለኝ። ስለ ከዋኞቹ ስም ስጠይቀው ዝም አለ፤ ከዚያ «ሁለት ሰዎች ናቸው ብለው ይጻፉ፤ አንድ ላሊበላ አይበሉ፤ እሷ ናት ዜማውን የምትመራው» አለ። እኔ በጽሑፌ ውስጥ ሴቲቱን «አጃቢ» ብያት ነበር።

ከዚያ የግርጌ ማስታወሻዬን አሳየሁት። ፈገግ አለ። ያቺ አጭር ቃል ትርጉም አላት፤ ባልና ሚስት ስለ ቤቱ የሚነጋገሩባት ናት አለኝ፤ ስለ እኛ ቤት። ምን እንደሆነች አልነገረኝም። «እሷን ይተዉልን» አለ። በአሁኑ ረቂቅ ላይ ቃሏን አውጥቼ በቦታዋ ሰረዝ አስገብቻለሁ፤ «ትርጉም የለሽ» የሚለውን የግርጌ ማስታወሻም ሰርዤዋለሁ።